በመኖሪያ ቤት ጓሮ በአነስተኛ ወጪ የአማተር ሬዲዮ ምሰሶና አንቴና ስለማቆም

ጀማሪ ከቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ጀነራል የሚባለውን የአማተር (ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራ) ሬዲዮ ፈቃድ ካገኘሁ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን የምጠቀመው ከኮርኒሱ በላይ በዘረጋሁት ሽቦ ሲሆን፣ በእርሱ አውሮፓን አልፎ አልፎ እሰማለሁ እንጂ ከዚያ ወዲያ ተሻግሬ አላውቅም። የምፈልገው ከጓሮዬ ሆኜ ባለ 100 ዋት በሆነው ሬዲዮዬ ምሥራቅ አፍሪካን፣ ከሁሉም በላይ ኢትዮጵያን፣ ሰምቼ መሰማት ነው።

ጓሮዬ 22 በ30 ሜትር ነው። በሰፈራችን ደንብ የሚያወጣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የለም። በቅርቡ አንድ ሰው ያገለገለ የሮን 25ጂ ማማ በ600 ዶላር ሊሸጥልኝ ተስማምቷል፤ እያንዳንዳቸው 10 ጫማ የሆኑ 6 ክፍሎች ስላሉት ሲገጣጠም 18 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለጠቅላላው ሥራ የመደብኩት ገንዘብ 900 ዶላር ስለሆነ ማማውን ከገዛሁ ለገመድ፣ ለኬብልና ለአንቴና የሚተርፈኝ 300 ዶላር ብቻ ነው። ምሰሶውን ላቆም ያሰብኩት ከጓሮው ጀርባ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል የኤሌክትሪክ መሥመር ቢያልፍም ካሰብኩት ቦታ 11 ሜትር ይርቃል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ ጓሮውም መጫወቻቸው ነው። ማማውን ልግዛ ወይስ ልተወው? በሥራው ያለፋችሁበት ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ባለ ሽቦው

ወንድሜ፣ ስለ ማማው ከማንሣቴ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ መሥመሩ ልናገር፤ በጽሑፍዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ነገር በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፉት እርሱ ነውና። 18 ሜትር የሚረዝም ማማ ከመሥመሩ 11 ሜትር ርቀት ላይ አይቆምም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ምሰሶው ከነአንቴናው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ መውደቅ አለበት። ስለዚህ 12 ሜትር ለሚረዝም ምሰሶ ከ15 ሜትር ያላነሰ፣ ለ18 ሜትር ማማ ደግሞ ከ21 ሜትር ያላነሰ ርቀት ያስፈልጋል። በዚህ ሙያ ሰዎችን ከገደሉ ነገሮች አንዱ አንቴና ሲያቆሙ ወይም ሲያወርዱ ከኤሌክትሪክ መሥመር ጋር መነካካት ነው። በሽቦው ላይ የሚታየው ጥቁር ልባስም ከአየር ጠባይ የሚጠብቅ እንጂ ሰውን ከንዝረት የሚያድን እንደሆነ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም። ቦታው ካልተቀየረ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ከቤትዎ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ለመጓዝ ሞገዱ ከአንቴናው ሲወጣ ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ መሄድ አለበት፤ ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚወጣ ሞገድ አጭር ዝላይ ዘሎ በቅርብ ይወርዳል። ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ የተዘረጋ ዳይፖል (ከመካከሉ ተቆርጦ በኬብል የሚመገብ የሽቦ አንቴና) ሞገዱን በምን ያህል ማዕዘን እንደሚልክ የሚወስነው ቁመቱ በሜትር ስንት እንደሆነ ሳይሆን፣ ቁመቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ስንት እጅ እንደሆነ ነው። በ10 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ዳይፖል በ20 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ገደማ በሆነበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ኃይሉን አብዝቶ የሚልከው በ32 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚያው ከፍታ ላይ በ15 ሜትር ባንድ 20 ዲግሪ ገደማ፣ በ10 ሜትር ባንድ ደግሞ 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በ20 ሜትር ባንድ ላይ 15 ዲግሪ ለማግኘት ቢፈልጉ አንቴናውን 20 ሜትር ከፍታ ላይ መስቀል ይኖርብዎታል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉልኝ። ማማውን በእጥፍ ከማሳደግ ይልቅ ፍሪኩዌንሲውን በእጥፍ ማሳደግ ያንኑ ማዕዘን ይሰጣል፤ ይህም ገንዘብ አይጠይቅም። ፀሐይ አሁን ባለችበት የእንቅስቃሴ ዑደት፣ ከፍተኛውን ደረጃ በ2024 ያየንበት 25ኛው ዑደት ማለቴ ነው፣ 15 እና 10 ሜትር ባንዶች ቀን ቀን ክፍት የሚሆኑባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ምክሬ ማማውን ይተዉት ነው። 12 ሜትር የሚደርስ ቀላል ምሰሶ፣ ከጫፉም ወደ ሁለት ጎን እንደ ጎጆ ጣራ የሚወርድ፣ ሦስት ባንድ የሚሸፍን የሽቦ ዳይፖል ይሥሩ። ጫፎቹ ዝቅ ስለሚሉ ሲያሰሉ ከፍታውን 10 ሜትር ብለው ይያዙት። የተረፈዎትን ገንዘብ ምሰሶውን ዙሪያውን ወጥሮ በሚይዘው ወጣሪ ገመድ፣ በችካሉ፣ በኬብሉና በመሬት ማያያዣው ላይ ያውሉት። ሰው ማማውን ያያል፤ ጣቢያውን የሚያኖሩት ግን እነዚህ አራቱ ናቸው።

የሽቦው ልክ በስሌት የሚገኝ ነው፦ 143ን በሜጋኸርዝ ሲያካፍሉት ጠቅላላውን ርዝመት በሜትር ያገኛሉ። ለ14.28 ሜጋኸርዝ 10.01 ሜትር፣ ለ21.35 ሜጋኸርዝ 6.70 ሜትር፣ ለ28.4 ሜጋኸርዝ 5.04 ሜትር ይሆናል። ሦስቱንም ከመካከል ቆርጠው ግማሽ ግማሹን በአንድ ላይ ያስሩና በአንድ ኬብል ይመግቧቸዋል። ሽቦዎቹ ስለሚቀራረቡ አንዱ የሌላውን ልክ ይለውጣል፤ በመሆኑም ሁሉንም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አስረዝመው ይቁረጡ፣ ከዚያ ከረጅሙ ጀምረው እየለኩ ያሳጥሩ። የጫፎቹ መካከል ማዕዘን ከ90 ዲግሪ አይጥበብ፤ ወደ 120 ዲግሪ ቢቀርብ ይሻላል። አዲስ አበባ ከእርስዎ በ66 ዲግሪ አቅጣጫ ላይ ናት፤ ስለዚህ የሽቦው ጫፎች አንዱ ወደ 156፣ ሌላው ወደ 336 ዲግሪ ቢያመለክቱ ሆዱ፣ ማለትም ኃይሉን አብዝቶ የሚልክበት ጎኑ፣ ወደ አገር ቤት ይዞራል። ሞገዱ በዚህ መሥመር አትላንቲክን አቋርጦ፣ በደቡብ ስፔን፣ በሜዲትራኒያን፣ በሊቢያና በሱዳን ሰማይ አልፎ ነው የሚደርሰው።

መዋቅር ሠሪ

የጋሽ ባለ ሽቦውን ምክር በሙሉ እደግፋለሁ። ሙያዬ የሕንጻ መዋቅር ስለሆነ ስለ ነፋሱ ጥቂት ልጨምር።

ነፋስ በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር የሆነ ክብ ቧንቧ ለነፋስ የሚያጋልጠው ስፋት 0.6 ስኩዌር ሜትር ነው። በሰከንድ 30 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ቧንቧ በ400 ኒውተን ያህል ይገፋዋል፤ ይህም የ40 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 40 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ 700 ኒውተን ያልፋል። ይህ ኃይል በቁመቱ ላይ የተከፋፈለ ስለሆነ በሁለት ደረጃ በወጠሩት ገመድ በቀላሉ ይያዛል። ነገር ግን በጫፉ ላይ ግማሽ ስኩዌር ሜትር የሚሆን የሚዞር አንቴና ቢያስቀምጡበት በዚያው ነፋስ ተጨማሪ 600 ኒውተን ያህል በሙሉ ጫፉ ላይ ያርፋል፤ ቀላል ምሰሶ የሚጎብጠውና የሚሰበረው በዚህ ጊዜ ነው። ያንኑ ቧንቧ ሳያወፍሩ ወደ 20 ሜትር ቢያስረዝሙት ደግሞ ከሥሩ የሚገለብጠው ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሽቦ ግን ለነፋስ ከሞላ ጎደል ምንም አይደለም፤ ለአነስተኛ ገንዘብ ሽቦ ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የወጣሪ ገመዱ ችካል ከምሰሶው ሥር የሚርቀው የቁመቱን 80 በመቶ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ለ12 ሜትር ምሰሶ 9.6 ሜትር ማለት ነው። አራት ችካሎችን በአራት ማዕዘን ሲያስቀምጡ የአራት ማዕዘኑ ጎን 13.6 ሜትር ይሆናል፤ ጓሮዎ ይበቃዋል። ገመዱ በ6 ሜትርና በ11 ሜትር ላይ ይታሰር። ገመዱን በአጥር እንጨት፣ በበረንዳ ምሰሶ ወይም በዛፍ ላይ አይሰሩት። ዛፍ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ገመዱን ይለቀዋል፣ ያጠብቀዋል፣ በመጨረሻም ይበጥሰዋል።

ለሽቦ አንቴና የብረት ገመድ አያስፈልግም፤ ጥቁር የዳክሮን ገመድ ይበቃል፤ ብረት ስላልሆነም አንቴናውን አይረብሽም። ናይሎን እርጥበት ሲነካው ስለሚለጠጥ አይስማማም። በሃርድዌር ሱቅ በርካሽ የሚሸጠው ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ በጥቂት ወራት ታደርቀዋለች፤ በእጅ ሲያሹት እንደ ገለባ የሚፍረከረክበት ጊዜ ይመጣል።

አንድ ማስተካከያ ላክል። 66 ዲግሪ የተባለው ከእውነተኛው ሰሜን ሲለካ ነው። በእናንተ አካባቢ የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምዕራብ 11 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል በኮምፓስ የሚነበበው 77 ገደማ ይሆናል። ለዳይፖል ይህ ልዩነት ብዙ አይጎዳም፤ ወደፊት የሚዞር አንቴና ካቆሙ ግን ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅማል።

ጀማሪ ከቨርጂኒያ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ ልጅዎ ስለሆንኩ አንቱታውን ይተዉልኝ። ምላሽዎን ካነበብኩ በኋላ ሜትር ይዤ ወጥቼ ጓሮውን እንደገና ለካሁት። ወደ ቤቱ ግራ ጥግ ብመጣ ከመሥመሩ 19 ሜትር እርቃለሁ። ቤቴ ከመሥመሩ በተቃራኒው በኩል ስለሆነ ከቤቱ ቆጣሪ ጋር የሚገናኘው ሽቦም በመሬት ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሻጩንም ማማውን እንደማልገዛ ነግሬዋለሁ፤ እርሱም በመልካም ተቀብሎኛል።

ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። አንደኛው፣ ለ12 ሜትር ምሰሶ ከካውንቲው ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብኛል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ምሰሶውን ያለ ክሬንና ያለ ብዙ ሰው እንዴት አድርጌ ላቁመው የሚለው ነው።

የጓሮ ምሰሶ

ስለ ሕጉ የማውቀውን ልንገርህ፤ እኔም እዚያው ቨርጂኒያ ነኝና። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ1985 ባወጣውና ፒአርቢ 1 ተብሎ በሚጠራው ውሳኔ መሠረት የአካባቢ አስተዳደሮች ለአማተር ሬዲዮ አንቴና ምክንያታዊ ቦታ መስጠት አለባቸው። ቨርጂኒያ ደግሞ ይህን በራሷ ሕግ ውስጥ አስገብታ ቁጥር አስቀምጣለታለች፦ በስኩዌር ማይል ከ120 ሰው በላይ በሚኖርባቸው አካባቢዎች የአካባቢ ደንብ የአማተር አንቴናን ከፍታ ከ75 ጫማ በታች አድርጎ መገደብ አይችልም። 75 ጫማ 23 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአንተ 12 ሜትር ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሆኖም ካውንቲው ከወሰን ስለሚራቅበት ልክና ስለ አቀማመጡ ተገቢ መመሪያ ማውጣት ይችላል፤ ስለ ግንባታ ፈቃድም የራሱ አሠራር አለው። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈርህ በፊት ለካውንቲው የዞን ቢሮ ደውለህ ጠይቅ፤ የነገሩህንም ጻፈው። ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ይገንዘቡ፦ የፌዴራሉ ውሳኔ የሚያስገድደው መንግሥትን እንጂ የግል ውልን አይደለም። ቤት ሲገዙ የማኅበር ደንብ ፈርመው ከሆነ ያ ፊርማ ያስራል።

ከመቆፈርህ ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድመህ ወደ 811 ደውል። በነፃ መጥተው በመሬት ውስጥ ያለውን በቀለም ያመለክቱልሃል፤ ቀዩ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫው ጋዝ፣ ሰማያዊው ውኃ፣ ብርቱካናማው የስልክና የኢንተርኔት መሥመር፣ አረንጓዴው ደግሞ የፍሳሽ መሥመር ነው። በቤትህ የመብራቱ ሽቦ በመሬት ውስጥ ስለሚያልፍ ይህ ለአንተ የግድ ነው።

ማማውን በመተውህ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ሌላ ሰው ያገለገለ ማማ ሊገዛ ቢያስብ የሚታየውን ልንገረው። የዚህ ማማ እግሮች ባዶ ቧንቧዎች ናቸው። ከታች በኩል ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ በአፈር ወይም በአርማታ ከተደፈነ ውኃው በውስጡ ይጠራቀማል፤ በክረምት በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ቧንቧውን በቁመቱ ይሰነጥቀዋል፣ ባይሰነጥቀውም ከውስጥ ያዝገዋል። ከውጭ ያለው ነጭ ልባስ ግን እንዳማረ ሊቆይ ይችላል። እኔ ስገዛ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አጋድሜ እያንዳንዱን እግር ከላይ እስከ ታች በትንሽ መዶሻ መታሁት። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል። ከስድስቱ በአንደኛው ላይ፣ ከታች አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ፣ ድምፁ ታፈነብኝ፤ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ባስገባ ቡናማ ዝገት እንደ ቡና አተላ እየተንጠባጠበ ወጣ። ያንን ክፍል አልወሰድኩትም።

አሁን ደግሞ የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው እፈልጋለሁና። ወጣሪ ገመዶቼን ከችካሉ ጋር ያገናኘሁት ሁለት ጫፍ ባለው፣ መካከሉን ሲያዞሩት በሚጠብቅ የማወጠሪያ ብሎን ነበር። በሚገባ አጠበቅሁት፤ ረክቼም ተውኩት። ከአራት ወር በኋላ አንድ ሌሊት ነፋስ ሲያጓራ አደረ፤ ጠዋት ቡናዬን ይዤ በመስኮት ሳይ የምሰሶው ጫፍ ወደ ጎረቤቴ ጣራ አዘንብሏል። ሮጬ ወጣሁ። በሰሜን በኩል ያለው ብሎን ገመዱ በነፋስ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በራሱ እየተፈታ ኖሮ፣ ተንበርክኬ ስመለከተው በውስጡ የቀረው ሁለት ጥርስ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ደኅና ነበር፤ ገመዱ ደኅና፣ ችካሉ ደኅና፣ ምሰሶው ደኅና። የጎደለው በብሎኑ መካከል አሳልፎ ከሁለቱ ጫፎች ጋር የሚታሰር፣ እንዳይዞር የሚከለክለው አንድ ቁራጭ ሽቦ ነበር። ዛሬ በየብሎኑ ላይ ሽቦው አለ፤ በየወቅቱ መለወጫም ሁሉንም በእጄ እየዳሰስኩ አያለሁ።

ባለ ሽቦው

ይህ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ስላካፈልከን እናመሰግናለን።

ልጄ፣ እንግዲህ አንተ ካልክ አንተ እልሃለሁ። ምሰሶውን ለማቆም የምመክርህ ከሥሩ ማጠፊያ ያለው አድርገህ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ሠርተህ፣ አንቴናውንም ኬብሉንም አስረህ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ማንሣት ነው። በዚህ መንገድ መቼም ቢሆን ማንም ሰው ወደ ላይ መውጣት አያስፈልገውም። ሥሩ በአርማታ የተያዘ ጠንካራ የብረት ማጠፊያ ይሁን፤ የአርማታውን ጥልቀት ካውንቲው ውርጭ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች እንዲሆን ይጠይቅሃል። ከማጠፊያው ላይ 4 ሜትር የምትሆን ሁለተኛ ቧንቧ ከምሰሶው ጋር 90 ዲግሪ ሠርታ ትቆማለች፤ ከጫፏ አንደኛው ገመድ ወደ ምሰሶው ይሄዳል፣ ሌላው ገመዱን እየጠቀለለ ወደሚስበው ዊንች። ምሰሶው ተጋድሞ ሳለ ይህች አጭር ቧንቧ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ምሰሶው ሲነሣ እርሷ ትጋደማለች።

በዚህ ሥራ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ከባዱ ጊዜ መጀመሪያው መሆኑን አለማወቅ ነው። ገመዱ ከሁሉ በላይ የሚወጠረው ምሰሶው ከመሬት በሚላቀቅበት ቅጽበት ነው፤ ከፍ እያለ ሲሄድ እየቀለለ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ክንድ ያህል ብቻ አንሥተህ አቁም፤ ዙሪያውን ሄደህ እያንዳንዱን ቋጠሮ፣ ብሎንና ዳዶ ተመልከት፤ ከዚያ ቀጥል። ሁለተኛው የጎን ገመዶች ጉዳይ ነው። ሁለቱ የጎን ችካሎች ከማጠፊያው ብሎን ጋር በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ፣ በቁመትም እኩል መሆን አለባቸው። እንደዚያ ከሆኑ ምሰሶው ከመጋደም እስከ መቆም ድረስ የጎን ገመዶቹ ልክ አይለወጥም፤ እያጠበቁም እየላሉም ሳይሄዱ ምሰሶውን ወደ ጎን እንዳይወድቅ ይይዙታል። ችካሎቹ ከመሥመሩ ከወጡ ግን ምሰሶው በግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ወይ ገመዱ እስኪበጠስ ይወጠራል፣ ወይ ልል ሆኖ ምሰሶው ይወላገዳል። ከሦስት ይልቅ አራት ችካል የመከርንህም ለዚህ ነው።

በዚያን ዕለት ልጆቹ በቤት ውስጥ ይሁኑ። ሦስት ሰው ያስፈልግሃል፤ አንዱ ዊንቹን ይያዝ፣ አንዱ የኋላውን ገመድ እየለቀቀ ይከተል፣ አንዱ ምንም ሳይነካ ከርቀት እያየ ይምራ። ማንም ሰው ምሰሶው ሊወድቅበት በሚችለው ቦታ ላይ አይቁም። ነፋስ ካለ ለሌላ ቀን አሳድረው።

ከአምስት ኪሎ

ሰላም ከአዲስ አበባ። እኔ የሬዲዮን ፍቅር ያገኘሁት በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ባለው የክለብ ጣቢያ ነው፤ የጥሪ መለያው ኢቲ3ኤኤ ሲሆን በዓለም ያሉ አማተሮች ኢትዮጵያን የሚያውቁት በአብዛኛው በእርሱ በኩል ነው። በአገራችን በአየር ላይ ያሉ ጣቢያዎች ጥቂት ስለሆኑ ወንድማችን ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ይሁን እንጂ አቅጣጫው ከተያዘ ኬንያ፣ ጅቡቲና እስራኤልም በዚያው ሆድ ውስጥ ስለሚወድቁ ሥራው ከንቱ አይሆንም። ለ15 እና ለ10 ሜትር ባንዶች ሁለታችንም ዘንድ ፀሐይ የወጣችበት ሰዓት ይመረጣል። በእናንተ በጋ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ እኔ ብሆን በዚህ ሰዓት ነበር ጆሮዬን የማቆመው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ይህን ለሚያነቡ ደግሞ ጥቂት ልበል። ሬዲዮ ማስተላለፊያ በቤት ለማቆም አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው። ምሰሶውን በተመለከተ፣ በብረት መሸጫ የምናገኘው ቧንቧ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። አንዱን ወፍራም፣ ሌላውን በውስጡ የሚገባ ቀጠን ያለ ገዝተን 60 ሴንቲ ሜትር አደራርበን በሁለት ብሎን ብንወጋው 11.4 ሜትር እናገኛለን። በብየዳ ብቻ ጫፍ ለጫፍ ማያያዝ አይመከርም፤ የሚሰበረው በብየዳው ላይ ነውና። ለመማሪያና ለጊዜው ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍም ያገለግላል፤ ሆኖም ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ምስጥና እርጥበት ስለሚበሉት በአርማታ ውስጥ በተቀበረ ብረት ላይ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማሰር ይሻላል። የከተማችን ከፍታ ያቀለለው አንድ ነገር አለ፤ በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚያሳርፈው ግፊት ከባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

መብረቅ ግን አይቀልም። በክረምት የእኛ ሰማይ እንዴት እንደሚያጓራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ለአንቴናው የተለየ የመሬት ዘንግ ቀብሮ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ አደጋው የሚፈጠረው ግን በዚሁ ነው። ሁለት ዘንጎች ለየብቻ ሲሆኑ በቅርብ መብረቅ ሲወድቅ በሁለቱ መካከል ከፍተኛ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፤ ያ ልዩነት መንገድ ሲፈልግ ከአንቴናው ኬብል ገብቶ፣ በሬዲዮው አልፎ፣ በቤቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይወጣል። ስለዚህ የአንቴናው ዘንግና የቤቱ ዋና ኧርዝ በወፍራም መዳብ መያያዝ አለባቸው። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የመብረቅ መከላከያ ይደረግለት፤ ደመና ሲጠቁር ደግሞ ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅሎ ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ልማድ ይሁን።

ሰገነት ነታንያ

የኔ ነገር አጭር ነው። የምኖረው በእስራኤል፣ በነታንያ ከተማ፣ በፎቅ ቤት ስለሆነ ጓሮ የለኝም፤ ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ የጋራ ሰገነቱ ላይ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚዘረጋ 10 ሜትር የፋይበርግላስ ምሰሶ አቁሜያለሁ። በላዩ ላይ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከሥሩም ሌሎች ሽቦዎች በሰገነቱ ላይ ተዘርግተዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሽቦ ሞገዱን ወደ አድማስ ዝቅ አድርጎ ስለሚልክ ለሩቅ አገር ይስማማል፤ ጉድለቱ የከተማውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ አብዝቶ መስማቱ ነው። ከሥራ ስመለስ ዘንጉን አወጣለሁ፣ ስጨርስ አጥፌ አስገባለሁ። ጓሮ ለሌላቸው ወገኖቼ ይህም መንገድ እንዳለ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ጀማሪ ከቨርጂኒያ

ውድ ወንድሞቼ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ካውንቲው ስለ ወሰኑ ርቀት ጠይቆኝ በሥዕል አሳየሁት። ከ811 የመጡት ሰዎች ችካል ልተክልበት ባሰብኩት ቦታ ላይ ቢጫ መሥመር ስላሰመሩ አራቱንም ችካሎች አንድ ሜትር ተኩል አዛወርኩ፤ ባልደውል ኖሮ በጋዝ መሥመር ላይ ነበር የምተክለው። ምሰሶው ባለፈው ቅዳሜ ቆሟል። ጋሼ እንዳሉኝ አንድ ክንድ አንሥተን አቁመን ስናይ ከዊንቹ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ቋጠሮ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ አውርደን አስተካክለን እንደገና አነሣነው። ጠቅላላ ወጪዬ 540 ዶላር ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ የኬብሉ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይዟል። በቀጭኑ አርጂ 58 ኬብል ፈንታ ወፍራሙን አርጂ 213 ነው የገዛሁት፤ በ30 ሜትር ርዝመት ላይ ቀጭኑ በ10 ሜትር ባንድ ከምልከው ኃይል ከ40 በመቶ በላይ እንደሚበላብኝ ካሰላሁ በኋላ ሌላውን መምረጥ አልቻልኩም።

እሑድ ጠዋት በ15 ሜትር ባንድ ላይ አንድ የኬንያ ጣቢያ ጠራሁ፤ በሁለተኛው ጥሪ መለሰልኝ። ባለቤቴ ከኩሽና ድረስ ሰምታ መጣች። ኢትዮጵያን ገና አላገኘሁም።

አንድ ችግር ግን ገጥሞኛል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ማታ ስለካው፣ በደረቁ 1.4 የነበረው ኤስ ደብሊው አር (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ ልክ፤ ወደ 1 ሲቀርብ ይሻላል) በሦስቱም ባንዶች ላይ ከ2.5 በላይ ሆነ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ምን ሊሆን ይችላል?

ባለ ሽቦው

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። እርጥብ ሽቦ ልኩን በጥቂቱ ይለውጣል፤ ነገር ግን በሦስቱም ባንድ ላይ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የሚለወጥ ከሆነ ውኃ ወደ ኬብሉ ራስ እየገባ ነው። ዛሬ ደረቅ መስሎ ቢታይም ውኃው በኬብሉ ሽሩባ፣ ማለትም በውስጡ በተጎነጎነው የመዳብ ሽቦ፣ ውስጥ ወደ ታች እየተሳበ መዳቡን ያጠቁረዋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ኬብሉን መቀየር ብቻ ነውና ሳትዘገይ ምሰሶውን አውርደው። ከላይ ያለውን ማገናኛ ፈትተህ ሽሩባውን ተመልከት፤ ከጠቆረ እስከሚያበራው ድረስ ቆርጠህ አዲስ ማገናኛ ግጠምለት። ከዚያ መጀመሪያ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ፕላስተር ወጥረህ ጠቅልለው፣ በላዩም ፀሐይ እንዳይጎዳው የተለመደውን ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ከታች ወደ ላይ እየደራረብህ ጠምጥመው፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲያርፍ። ኬብሉ ከማገናኛው እንደወጣ ወደ ታች ጎበጥ አድርገህ አሳልፈው፤ በቤቱ መግቢያም እንዲሁ። ውኃው ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተልም።

ጀማሪ ከቨርጂኒያ

እንዳሉኝ አድርጌ አወረድኩት፤ ሽሩባው የጠቆረው አራት ጣት ያህል ብቻ ነበር። ቆርጬ በአዲስ ማገናኛ ጠቅልዬዋለሁ፤ ጉብጠቱንም ሠርቻለሁ። ዛሬ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ንባቡ 1.4 ላይ ነው።